ዲግሪ ሳይኖር ውጭ አገር እንግሊዝኛ ማስተማር ይቻላል?

ባለፈው ሰሞን አንድ የሰፈራችን ልጅ ስልኩን አውጥቶ የቴሌግራም መልእክት አሳየኝ። «ባንኮክ። የእንግሊዝኛ መምህር። ዲግሪ አያስፈልግም። በወር 1,500 ዶላር። ትኬትና ማረፊያ በነፃ» ይላል። ልጁ 12ኛ ክፍልን ጨርሷል፤ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥብ ግን አልመጣለትም። እንግሊዝኛው ጥሩ ነው። የጎረቤት ልጆችን ማስጠናት ከጀመረ ሁለት ዓመት ሆኖታል። «ጋሼ፣ እውነት ይሆን እንዴ?» አለኝ።

«ውሸት ነው» ብሎ መገላገል ቀላል ነበር። ግን ያለ ዲግሪ ውጭ አገር እንግሊዝኛ የሚያስተምሩ ሰዎች አሉ፤ ጥቂትም አይደሉም። ስለዚህ ሻይ አዘን ነገሩን ከሥሩ ማየት ጀመርን። ያን ቀን ያወራነውን ነው የምጽፈው፤ በኋላ ቤት ገብቼ ያጣራሁትንም ጨምሬበታለሁ።

ዲግሪውን የሚጠይቀው ማን ነው?

ብዙ ሰው የሚጠይቀው ትምህርት ቤቱ ይመስለዋል። «እንግሊዝኛዬን ቢሰሙኝ ይቀጥሩኛል» የሚለውም ለዚህ ነው። ትምህርት ቤቱማ ሊወድህ ይችላል። ባለቤቱ «ነገ ግባ» ሊልህ ይችላል። ግን ለውጭ ዜጋ የሥራ ፈቃድ የሚሰጠው መንግሥት ነው። ዲግሪ የሚለው መስፈርት አብዛኛውን ጊዜ የተጻፈው እዚያ፣ በኢሚግሬሽን ሕጉ ውስጥ ነው። ሕጉ «ዲግሪ ያስፈልጋል» ካለ የቱንም ያህል ጥሩ እንግሊዝኛ ብትናገር ለውጥ የለውም።

ደቡብ ኮሪያን እንውሰድ። ለእንግሊዝኛ መምህራን የሚሰጠው ቪዛ ኢ-2 ይባላል። በመሠረቱ የሚሰጠው ለ7 አገር ዜጎች ነው፦ ለአሜሪካ፣ ለካናዳ፣ ለእንግሊዝ፣ ለአየርላንድ፣ ለአውስትራሊያ፣ ለኒውዚላንድና ለደቡብ አፍሪካ። በዚያ ላይ የመጀመሪያ ዲግሪ ያስፈልጋል። አንዱ ብቻውን አይበቃም። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ማስተርስ ቢኖረውም በዚህ ቪዛ አይገባም። ዲግሪ የሌለው አሜሪካዊም እንደዚሁ። ቻይናም በተመሳሳይ መንገድ ነው የምትሄደው፦ ዲግሪ፣ ከዚያ ደግሞ እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻ ከሆነበት አገር የወጣ ፓስፖርት። በባሕረ ሰላጤው አገሮች መደበኛ ትምህርት ቤት ለመቀጠር ዲግሪው በኤምባሲ ተረጋግጦ መቅረብ አለበት። ታይላንድ ውስጥ ደግሞ ትምህርት ቤት ለማስተማር የመምህራን ምክር ቤቱ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ይህ ፈቃድ ዲግሪ ይጠይቃል።

እዚህ ላይ ልጁ ስልኩን ድጋሚ አየው። «ባንኮክ ታይላንድ አይደለችም እንዴ?» አለ።

ናት። መልእክቱ «ዲግሪ አያስፈልግም» ሲል የአገሩ ሕግ ደግሞ «ያስፈልጋል» ይላል። ከሁለቱ አንዱ ዋሽቷል።

ፓስፖርቱ ከዲግሪው ይቀድማል

ይህን መናገር ደስ አይልም፤ ግን ቁርጡን ማወቅ ይሻላል። ዲግሪ ለሌለው ሰው ክፍት የሆኑት በሮች አብዛኞቹ የሚያስገቡት ፓስፖርት አይተው ነው።

ታይዋንን ተመልከቱ። እዚያ ባሉ የግል የቋንቋ ማስጠኛዎች ለመሥራት የግድ ባችለር አያስፈልግም። የሁለት ዓመት የኮሌጅ ዲፕሎማና የማስተማር ሰርተፊኬት ያለው ሰው ይቀጠራል። ግን ፓስፖርቱ እንግሊዝኛ ኦፊሴላዊ ቋንቋ ከሆነበት አገር መሆን አለበት። እኛ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ባዮሎጂውንም ታሪኩንም በእንግሊዝኛ እንማራለን። ሆኖም እንግሊዝኛ በሕግ ኦፊሴላዊ ቋንቋችን አይደለም፤ ስለዚህ አይቆጠርልንም።

የአውሮፓ ኅብረት አገር ዜግነት ላላቸው ነገሩ ሌላ ነው። ስቶክሆልም ወይም ፍራንክፈርት ያደገና ዜግነት የወሰደ የሐበሻ ልጅ ስፔን ወይም ጣሊያን ሄዶ ለመሥራት ቪዛ አይፈልግም። የቪዛ ሕግ ከሌለ ደግሞ ዲግሪ የሚጠይቀው ማን ነው? የቋንቋ ትምህርት ቤቱ ብቻ ይቀራል። ማድሪድ ውስጥ ያሉ የቋንቋ ትምህርት ቤቶች ከዲግሪው ይልቅ ጥሩ የማስተማር ሰርተፊኬት አይተው ሊቀጥሩ ይችላሉ። ልብ በሉ፣ ዜግነት ነው ያልኩት። የጀርመን የመኖሪያ ፈቃድ መያዝ ስፔን ሄዶ ለመሥራት በራሱ መብት አይሰጥም። ይህን ሳያጣሩ ሄደው የተቸገሩ አሉ።

የአሜሪካ ፓስፖርት ላላቸው ደግሞ ፕራግ አንዷ አማራጭ ናት። እዚያ ብዙ የእንግሊዝኛ መምህራን ተቀጣሪ አይደሉም። በራሳቸው ስም የንግድ ፈቃድ አውጥተው ለሁለትና ለሦስት ትምህርት ቤት ይሠራሉ። ይህ ፈቃድ ዲግሪ አይጠይቅም። ሜክሲኮም ያለ ዲግሪ የሚቀጥሩ የቋንቋ ትምህርት ቤቶች አሏት፤ ክፍያው ግን ዝቅተኛ ነው፣ ገንዘብ አጠራቅሞ ለመመለስ የሚሆን አይደለም። ግሪን ካርድ ብቻ የያዛችሁ ግን ቆም በሉ። ግሪን ካርድ ፓስፖርት አይደለም። አስቀድሞ ፈቃድ ሳያወጡ ከ1 ዓመት በላይ ከአሜሪካ ውጭ መቆየት ካርዱን ራሱን አደጋ ላይ ይጥላል።

የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዞ ያለ ዲግሪ መሄድስ? ብዙ ጊዜ ስሟ የሚነሳው ካምቦዲያ ናት። ፕኖምፔን ያሉ የግል ትምህርት ቤቶች ለረጅም ዓመታት ዲግሪ የሌላቸውን መምህራን ሲቀጥሩ ኖረዋል። ክፍያው በአብዛኛው በሰዓት ነው፤ ያስተማርክበት ብቻ ይታሰባል፣ በዓል ሲመጣ ኪስ ባዶ ነው። የሥራ ፈቃድም ያስፈልጋል። ከዚህ በላይ ግን አንድ መራራ ነገር አለ። በእስያ ብዙ አሠሪዎች ከማመልከቻው ጋር ፎቶ ይጠይቃሉ። «ነጭ መምህር ካልሆነ ወላጅ ይሸሻል» የሚሉ አሉ። ጥቁር አሜሪካውያንና ደቡብ አፍሪካውያን መምህራን ይህን ደጋግመው ተናግረውታል። ስሙ መድልዎ ነው፤ ሌላ ስም አይገኝለትም። ወጣቶቻችን ይህን እዚያ ደርሰው ከሚያውቁት እዚህ ሆነው ቢሰሙት ይሻላል።

ያ የባንኮክ መልእክት

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩትም በዋናነት ለዚህ ነው።

በየካቲት 2017 ዓ.ም. ከምያንማር የኦንላይን ማጭበርበሪያ ካምፖች የወጡ 260 ሰዎች ወንዝ ተሻግረው ለታይላንድ ተሰጡ። የ20 አገር ሰዎች ነበሩ። ከነዚያ ውስጥ 138ቱ ኢትዮጵያውያን ናቸው። ከግማሽ በላይ ማለት ነው። ይህን ቁጥር ስሰማ ለጊዜው ማመን አቅቶኝ ነበር።

እንዴት እዚያ ደረሱ? መንገዱ ተመሳሳይ ነው። ማስታወቂያው ባንኮክ ውስጥ ጥሩ ሥራ እንዳለ ይናገራል። የደንበኞች አገልግሎት፣ የኮምፒውተር ሥራ፣ ትርጉም፣ አንዳንዴም ማስተማር ይባላል። ልጁ ባንኮክ አውሮፕላን ማረፊያ ሲወርድ መኪና ይጠብቀዋል። መኪናው ግን ወደ ከተማው አይገባም። ወደ ሰሜን ምዕራብ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ሜሶት የምትባል የድንበር ከተማ ይደርሳል። ከዚያ የሞይ ወንዝን መሻገር ነው። ወዲያ ማዶ የምያንማሯ ከተማ ምያዋዲ ናት፤ እዚያ በታጠቁ ሰዎች የሚጠበቅ ግቢ ይጠብቀዋል። ፓስፖርት ይወሰዳል። ሥራው በስልክና በኮምፒውተር የማያውቁትን ሰው በፍቅር ወይም በክሪፕቶ (በዲጂታል ገንዘብ) ስም ማጭበርበር ነው። እምቢ ያለ ይደበደባል። የወጡት ልጆች ኤሌክትሪክ እንዳስነኩዋቸው ጭምር ተናግረዋል።

እነዚህ ሰዎች የሚፈልጉት ማንን እንደሆነ አስቡት። ጎበዝ እንግሊዝኛ የሚጽፍ፣ ኮምፒውተር የለመደ፣ ሥራ ያጣ ወጣት ነው። «የእንግሊዝኛ መምህር እንፈልጋለን» የሚል ማስታወቂያ ደግሞ እንደዚህ ዓይነቱን ልጅ ከሺህ ሰው መሃል ለቅሞ ያመጣላቸዋል።

«ትኬት በነፃ» መባሉም ማረጋገጫ አይሆንም። እኛ አገር ሰው ደላላን የሚጠረጥረው ገንዘብ ሲጠየቅ ነው። እዚህ ግን ትኬቱን የሚቆርጠው አጭበርባሪው ራሱ ሊሆን ይችላል፤ በኋላ «ዕዳ አለብህ፣ ሠርተህ ክፈል» ይላል።

ለልጁ ሦስት ጥያቄ ጻፍኩለት። የመጀመሪያው፦ የትምህርት ቤቱ ሙሉ ስምና አድራሻ ምንድን ነው? ስሙ ከተሰጠ ካርታ ላይ ይፈለጋል፣ የትምህርት ቤቱ ስልክ ተፈልጎ ይደወላል፤ እነሱ በላኩልህ ቁጥር አይደለም። ሁለተኛው፦ የምገባው በምን ዓይነት ቪዛ ነው? እውነተኛ አሠሪ የቪዛውን ዓይነት በስሙ ይጠራዋል፤ ሰነዱንም ከመነሳትህ በፊት ይልካል። «በቱሪስት ግባ፣ እዚህ ስትደርስ ይቀየራል» የሚል መልስ ከመጣ ወሬው እዚያ ላይ ማብቃት አለበት። ሦስተኛው፦ አሁን እዚያ ከሚያስተምር ሰው ጋር በቪዲዮ መነጋገር እችላለሁ?

በሕጋችን በኩልም የሚያዝ ነገር አለ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 የመግቢያ ቪዛን፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርትን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድን ወጪ አሠሪው እንዲሸፍን ነው የደነገገው። ሠራተኛው የሚከፍለው እንደ ፓስፖርትና የሕክምና ምርመራ ያለውን ነው። ፈቃድ ያላቸውን ኤጀንሲዎች የሚያውቀው የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ነው። ቴሌግራም ላይ «ፕሮሰስ እናስጨርሳለን» የሚል ሁሉ ኤጀንሲ አይደለም።

ሰርተፊኬቱ ምን ያደርጋል፣ ምን አያደርግም?

ያለ ዲግሪ ማስተማር የሚፈልግ ሰው ኢንተርኔት ላይ ሲገባ መጀመሪያ የሚያገኘው «ቴፍል» የሚል ማስታወቂያ ነው። ቴፍል የአንድ ድርጅት ስም አይደለም። እንግሊዝኛን ለሌላ ቋንቋ ተናጋሪ ማስተማር ለሚባለው ሙያ የተሰጠ የወል ስም ነው። ባለቤት ስለሌለው ማንም ተነስቶ ኮርስ ከፍቶ ሰርተፊኬት ሊሸጥ ይችላል። በ20 ዶላር ይገኛል፣ በ300ም ይገኛል። አሠሪዎች ብዙ ጊዜ «የ120 ሰዓት» ይላሉ፤ ኮርሶቹ ሁሉ 120 ሰዓት ነን የሚሉትም ለዚህ ነው።

ከነዚህ ውስጥ በየትኛውም አገር አሠሪ የሚያውቃቸው ሁለት ናቸው። አንዱ የካምብሪጁ ሴልታ፣ ሌላው የትሪኒቲ ሰርት ቲሶል ነው። ሁለቱም በእንግሊዝ የትምህርት ደረጃ 5ኛ ላይ የተመደቡ ናቸው። ሴልታ ላይ 6 ሰዓት እውነተኛ ተማሪዎች ፊት ቆመህ ታስተምራለህ፤ አሠልጣኝ ከኋላ ተቀምጦ ይገመግምሃል። የ20 ዶላሩ ኮርስ ላይ ይህ የለም፣ ምርጫ ጥያቄ ላይ መልስ እየመረጡ ማለፍ ነው። ሴልታ ለመግባት ዲግሪ የግድ አይደለም። 18 ዓመት መሙላት፣ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ የትምህርት ደረጃና በጣም ከፍ ያለ እንግሊዝኛ ይጠይቃሉ። ሙሉ በሙሉ በኦንላይን መማርም ይቻላል። ዋጋው ግን ከ1,000 ፓውንድ በላይ ነው፤ ለአብዛኞቻችን የማይቀመስ።

አንድ ነገር ግን በደንብ ይያዝ። ሰርተፊኬት፣ ሴልታም ቢሆን፣ ዲግሪን አይተካም። የኮሪያ ወይም የቻይና ሕግ ዲግሪ ካለ ዲግሪ ማለቱ ነው። ሰርተፊኬት የሚሸጡ ሰዎች ይህን አድበስብሰው ያልፉታል። «ዲግሪ ባይኖርህም በእኛ ሰርተፊኬት ዓለምን ትዞራለህ» ሲሉ፣ ለማን እንደሚሠራ አይነግሩም። ለእንግሊዛዊው ይሠራ ይሆናል።

የእንግሊዝኛ ችሎታ ማስረጃ ሌላ ነገር ነው። አይኤልትስ የሚያገለግለው 2 ዓመት ብቻ ነው። ስለዚህ ሥራው በእርግጥ ሲጠይቅ እንጂ «ለማንኛውም ይኑረኝ» ተብሎ አይፈተኑም። ገንዘብ ማባከን ነው።

10 ደቂቃ ማስተማር

እውነተኛ አሠሪ ኢንተርቪው ላይ «እስቲ 10 ደቂቃ አስተምረን» ይላል። ዴሞ ይሉታል። ልጁን እዚያው ሻይ ቤት «እስቲ ያለፈ ጊዜን አስተምረኝ» አልኩት። እኛ በተማርንበት መንገድ ጀመረ፦ «ግስ ላይ ኢዲ ይጨመራል፣ ግን መደበኛ ያልሆኑ ግሶች አሉ…» ሁለት ደቂቃ ሙሉ እሱ ብቻ ተናገረ። ስህተት አልነበረውም። ግን እኔ አንድም ቃል አልተናገርኩም።

በሌላ መንገድ ሞከርነው። ስለ ትናንት ሦስት ዓረፍተ ነገር ይጻፍ፤ አንዱ ውሸት ይሁን። «ትናንት ላሊበላ ሄድኩ፣ ትናንት ሽሮ በላሁ፣ ትናንት ስልኬ ጠፋ»፣ በእንግሊዝኛ። ተማሪው ውሸቱን ለማግኘት መጠየቅ አለበት። «ዲድ ዩ ጎ ቱ ላሊበላ?» ሲል ያለፈ ጊዜ ጥያቄን ራሱ እየሠራው ነው። መምህሩ የሚገባው ሲሳሳት ብቻ ነው። በዚህኛው 10 ደቂቃ ውስጥ እኔ ከእሱ ይልቅ ብዙ አወራሁ። አሠሪዎች የሚፈልጉት ይህንን ነው።

ደግሞም የአማርኛ ተናጋሪ መምህር ለአማርኛ ተናጋሪ ተማሪ ሲሆን ማንም ፈረንጅ የሌለው ነገር አለው። ምላሳችን የት እንደሚይዘን ያውቃል። እንግሊዝኛው ላይ «መርከብ» እና «በግ» የሚሉት ቃላት ለእኛ ጆሮ አንድ ናቸው፤ ሁለቱንም ሺፕ እንላለን። ልዩነቱ የድምፁ ማጠርና መርዘም፣ የከንፈሩም መለጠጥ ነው። «እስኩል» እና «እስቶር» የምንለው ደግሞ ቃሉ በሁለት ተነባቢ ሲጀምር ፊቱ «እ» ማስገባት ስለሚቀናን ነው። ይህን በአማርኛ በሁለት ደቂቃ የሚያስረዳ መምህር የተማሪውን ወራት ያተርፋል።

ሳይሄዱ ማስተማር

ከቤት ሆኖ በኢንተርኔት ማስተማር ላይ የሥራ ቪዛ የለም፤ ስለዚህ የቪዛ ዲግሪም የለም። ግን ይህም ተለውጧል። ድሮ ትልቁ ገበያ የቻይና ሕፃናት ነበሩ። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. የቻይና መንግሥት ከአገሪቱ ውጭ ያሉ መምህራን ሕፃናትን በኦንላይን እንዳያስተምሩ ከለከለ፤ ገበያው በአንዴ ወደቀ። አሁንም «ለቻይና ልጆች አስተምሩ» የሚል አሮጌ ምክር እየተላለፈ ነው፤ አትከተሉት።

አሁን ያሉት እንደ ፕረፕሊና አይቶኪ ያሉ፣ ተማሪው ራሱ መምህር የሚመርጥባቸው ገበያዎች ናቸው። ፕረፕሊ ዲግሪም ሰርተፊኬትም የግድ አይልም። ግን ከእያንዳንዱ አዲስ ተማሪ የመጀመሪያውን የሙከራ ክፍል ገንዘብ በሙሉ ይወስዳል። ከዚያ በኋላ የሚቆርጠው ሲጀመር 33 በመቶ ነው፤ ብዙ ሰዓት ባስተማርክ ቁጥር እየቀነሰ እስከ 18 ይወርዳል። ስለዚህ ዋጋህን ስትጽፍ የሚቀርልህን አስበህ ጻፍ። ከመመዝገብህ በፊት ደግሞ ገንዘቡ በየት በኩል ወደ አገር ቤት እንደሚገባ አጣራ። ሠርቶ ገንዘቡ ውጭ ተቀምጦ መቅረቱ ያበሳጫል።

እኔ ለልጁ ይበልጥ ያሳየሁት ግን የራሳችንን ሰው ነው። አሜሪካ ዜግነት የሚጠይቅ ሐበሻ ፈተናው ላይ ከ3 ዓረፍተ ነገር ቢያንስ 1 በትክክል ማንበብ፣ ከ3 ደግሞ 1 በትክክል መጻፍ አለበት። ዕድሜያቸው 50 ሞልቶ ግሪን ካርድ ከያዙ 20 ዓመት የሆናቸው፣ ወይም 55 ሞልቶ 15 ዓመት የሆናቸው በአማርኛ መፈተን ይችላሉ፤ አብዛኞቹ ሌሎች ግን እንግሊዝኛውን መጋፈጥ ግድ ነው። ቤሩትና ዱባይ ያሉ እህቶቻችን ሐኪም ቤት ሄደው ሕመማቸውን መናገር ይፈልጋሉ። እነዚህ ሰዎች የሚፈልጉት በአማርኛ የሚያስረዳቸው ታጋሽ ሰው ነው።

ኤምሬትስ ውስጥ ለምትኖሩ ደግሞ አንድ ጥሩ ነገር ልንገራችሁ። በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. የአገሩ መንግሥት የግል አስጠኚ ፈቃድ ጀምሯል። ነፃ ነው፣ ለ2 ዓመት ያገለግላል። ለመምህራን ብቻ አይደለም፤ ሌላ ሥራ ላይ ያሉ፣ ሥራ የሌላቸው፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ከ15 እስከ 18 ዓመት ያሉ ተማሪዎች እንኳ ማመልከት ይችላሉ። ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው የአሠሪውን «ተቃውሞ የለኝም» ደብዳቤ ያቀርባል። ያለዚህ ፈቃድ እያስከፈሉ ማስጠናት ሕገ ወጥ ነው፤ በተለይ በአንድ ስፖንሰር ስር ያለ ሰው ሊጠነቀቅ ይገባል።

ልጁ ማታውን ሦስቱን ጥያቄዎች ላከ። መልሱ በደቂቃ ውስጥ መጣ። «ስለ ቪዛ አታስብ፣ ባንኮክ ስትደርስ ይስተካከላል። ፓስፖርትህን ፎቶ አንስተህ ዛሬውኑ ላክ፣ ቦታው ሊሞላ ነው።» የትምህርት ቤቱን ስም ድጋሚ ጠየቀ። አካውንቱ ብሎክ አደረገው።

አሁን ሻርጃ ውስጥ ፀጉር ቤት የምትሠራ አንዲት ሴትን ማክሰኞና ሐሙስ ማታ በኢንተርኔት ያስተምራል። የአክስቱ ጓደኛ ናት። የመጀመሪያ ቀን ምን መማር እንደምትፈልግ ጠየቃት። «ደንበኛ ስልክ ስትደውል ቀጠሮ መያዝ» አለች። አንድ ሰዓት ሙሉ ሲደዋወሉ አመሹ፤ እሱ ደንበኛ ሆኖ፣ እሷ «ዋት ታይም ኢዝ ጉድ ፎር ዩ?» እያለች።